ግራጫዋ ካሴት

ሲንቄ አንዱን ወረቀት ገልጣ አነበበች፤ መልሳ አጠፈችውና ቀስ ብላ ከጭኗ ሥር ሸጎጠችው።

«ለማን ነው?» አለ ኤጄታ፣ ጠመኔ ይዞ ሰሌዳው ፊት እንደ ቆመ።

«ባዶ ነው።»

«ባዶ ከሆነ ለምን ትቀመጪበታለሽ? እንቁላል ነው እንዴ?»

«ቀጥል ባክህ! ሊመሽ ነው።»

ሁለቱም ዘጠነኛ ክፍል ናቸው፤ ሁለቱም የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚድያ ክበብ አባላት። የተቀመጡበት ክፍል ድሮ የስፖርት ዕቃ መጋዘን ነበር። አሁን አንድ ማይክሮፎን፣ አንድ አምፕሊፋየርና ማንም ያልጣላቸው ሦስት የተነፈሱ ኳሶች አሉበት። ጠረጴዛው ላይ የተከመሩት ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ወረቀቶች ደግሞ የአምቦ ተማሪዎች ለአንድ ጥያቄ የሰጡት መልስ ናቸው፦ የዘመናት ሁሉ ታላቋ ሴት ድምፃዊት ማን ናት?

ጥያቄውን ያመጡት የጂኦግራፊ መምህሩ ተሻለ ናቸው። ቡልጋርያ ስድስት ዓመት ተምረው የተመለሱ ሰው ናቸው፤ ከተመለሱ ወዲህ ግን በምንም ነገር እርግጠኛ ሆነው አይናገሩም። «የዘመናት ሁሉ የሚባል ነገር እንኳን የለም» ብለው ነበር ምርጫውን ሲያስጀምሩ፤ «ግን ርእሱ ካላማረ ማን ይመርጣል?» ሰሌዳ ላይ ዘጠኝ ስም ጻፉ። ብዙነሽ በቀለ ነበረች፤ አስቴር አወቀ፣ አስናቀች ወርቁ፣ ከውጭ ደግሞ ሚርያም ማኬባ። ከሥር፣ «ሌላ ካለች ራሳችሁ ጻፉ» የሚል ጨመሩበት።

ጣጣው የመጣው ከዚህች ከመጨረሻዋ መስመር ነው።

ሃያ ስምንት ተማሪ «እናቴ» ብሎ ጽፏል። ይህ ይሁን። ግን ከመጀመሪያዎቹ ሃያ ወረቀቶች ጀምሮ ሌላ ነገር ይመጣ ጀመር። «የካሴቷ ሴትዮ።» «ስሟን አላውቅም፣ ግራጫ ካሴት ላይ ያለችው።» «አባቴ በር ዘግቶ የሚሰማት።»

«ማናት ይቺ?» አለ ኤጄታ እየሳቀ። «ይሄ ሁሉ ሰው ስም አያውቅም?»

ሲንቄ አልሳቀችም። ካሴቱን ታውቀዋለች። ከአራት ዓመት በፊት፣ የጴንጤዎቹ ጸሎት ቤት በመንግሥት ከታሸገ በኋላ፣ የመዘምራኑ ቡድን አንድ እሑድ ከሰዓት በአንድ ሰው ቤት ተሰብስቦ፣ መስኮቶቹ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅሎ የቀዳው ነው። የዚያን ጊዜ ከተማው ውስጥ የተገኘው ባዶ ካሴት ግራጫ ብቻ ስለ ነበር ግራጫ ሆኖ ቀረ። ምንም አልተጻፈበትም። ከአምቦ ወደ ጎጆ ከተማ፣ ከጊንጪ ወደ አዲስ ዓለም፣ ከቤት ወደ ቤት እየተገለበጠ ዞረ። በእነዚያ ቤቶች ዘፈን አይከፈትም። ልጆቹ በቴፕ የሚያውቁት የሴት ድምፅ ያ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ምረጡ ሲባሉ የሚያውቁትን መረጡ።

ከጭኗ ሥር ያለው ወረቀት ግን ስም ነበረው። «ሲስተር ባየሽ። መርፌ ስትወጋም ቀስ ትላለች» ይላል።

ባየሽ የሲንቄ አባት እህት ናት። የሲንቄ ወላጆች ያሉት ጎጆ ከተማ ነው፤ እሷ አምቦ የምትማረው እዚህች አክስቷ ቤት ሆና ነው።

ቆጠራው ሲያልቅ መምህር ተሻለ ገቡ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሰሌዳውን አነበቡ። አስቴር አርባ አራት። ብዙነሽ አርባ ሦስት። የካሴቷ ሴትዮ አርባ ስድስት።

«ይህቺ ሴት ማን ናት?»

ኤጄታ ትከሻውን ሰበቀ።

«ስሟ ከታወቀ ይጻፍ። ካልታወቀ አርባ ስድስቱም ይሰረዛሉ፤ ስም የሌለው ሰው እንዴት ይመረጣል? ነገ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ነው የሚነበበው፣ የወጣት ማኅበሩ ሰዎችም ይመጣሉ። ደግሞ...» ጣታቸውን ሰሌዳው ላይ እያስኬዱ ደመሩ። «ሦስት መቶ አሥራ አንድ። አንድ ጎድሏል።»

ኤጄታ የሲንቄን ወንበር አየ፤ ከዚያ ጣሪያውን አየ።

«እንፈልጋለን፣ ቲቸር» አለች ሲንቄ።

ቤት ስትደርስ ባየሽ ነጭ ጋውኗን በከሰል ካውያ እየተኮሰች ነበር። ክሊኒኩ ከትምህርት ቤቱ በታች፣ ከመንገዱ ማዶ ነው፤ ጠዋት ጠዋት የማይክሮፎኑ ጩኸት ግቢው ድረስ ይሰማል። ሲንቄ ደብተሯን ሳታስቀምጥ ቆመች።

«ማል ታቴ?» አለች ባየሽ፤ ምን ሆንሽ ማለቷ ነው።

«አዳዳ፣ ይሄን አንብቢ» አለች ሲንቄ፤ አክስቷን የምትጠራው አዳዳ ብላ ነው።

ባየሽ ካውያውን አቁማ ወረቀቱን አነበበች። ስለ መርፌው ያለው ጋ ስትደርስ ፈገግ አለች፤ ከዚያ ፈገግታዋ ጠፋ። ካሴቱ ከተቀዳ ከሁለት ወር በኋላ መዘምራኑ አንድ በአንድ ቀበሌ ተጠርተው ነበር። እሷም ሁለተኛ ላትዘምር ፈርማለች። ሊቀ መንበሩ፣ ስምሽን ደግመን ከሰማን ሥራሽን እርሺው ብሏታል። ከዚያ ወዲህ ሽንኩርት ስትከትፍ እንኳ አታንጎራጉርም።

ሲንቄ ሁሉንም ነገረቻት። ሴትዮዋ በስሟ ካልታወቀች እንደምትሰረዝም ነገረቻት።

«ስንት ናቸው?» አለች ባየሽ።

«ከዚህኛው ጋር አርባ ሰባት።»

«ከስንት?»

«ከሦስት መቶ አሥራ ሁለት። አንደኛ ነሽ።»

ባየሽ ካውያውን አነሳችና የተኮሰችውን እጅጌ እንደገና ተኮሰችው። «ተሳስተዋል» አለች። «ሦስተኛው መዝሙር ላይ ጉንፋን ይዞኝ ነበር። ከፍ ስል ድምፄ ይሰነጠቃል። አልሰሙትም እንዴ?»

«እኔ ግን ሰምቼዋለሁ።»

«አንቺስ ለማን ሰጠሽ?»

ሲንቄ ፊቷ ጋለ። «ለብዙነሽ።»

«ደግ አደረግሽ» አለች ባየሽ። የተናደደች አትመስልም ነበር። የካውያውን ክዳን ከፈተች፤ ወረቀቱን ፍሙ ላይ ጣለችውና ክዳኑን መለሰች። ጥቂት ጭስ በጎን ቀዳዳዎቹ ወጣ። «ስሜን ማንም አይሰማም፣ ገባሽ? ሌላውን እንደ ፈለግሽ አድርጊ።»

ሲንቄ ጋውኑን ተቀብላ ምስማሩ ላይ ሰቀለችው። ወደ ጓዳ ልትገባ ስትል ባየሽ ጠራቻት።

«በስንት ሰዓት ነው የሚነበበው?»

«ሁለት ሰዓት ከሩብ።»

«እንዲያው ነው የጠየቅኩት» አለች ባየሽ።

በማግስቱ ኤጄታ ክፍሉ በር ላይ ይጠብቃት ነበር።

«እንቁላሉ ተፈለፈለ?»

«ተቃጠለ።»

«ስም ነበረበት፣ አይደል? አልጠይቅሽም፣ አትፍሪ።» በእግሩ የተነፈሰ ኳስ ገፋ። «አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ግን ለማንም እንዳትተነፍሺ። ከአርባ ስድስቱ አንዱ የኔ ነው።»

«አንተ? አንተ ጴንጤ ነህ እንዴ?»

«ምን ጴንጤ ታመጪብኛለሽ! ጎረቤታችን ናቸው፣ ኦቦ ሆርዶፋ። ግድግዳችን አንድ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ይከፍታሉ። ሦስተኛው ላይ ድምፅዋ ስንጥቅ የሚልበት ቦታ አለ፣ እሱ ሲመጣ እኔ ማጥናት አቆማለሁ።»

ሲንቄ አየችው። የሚቀልድ አይመስልም።

ወንበር ስባ ተቀመጠችና የውጤቱን ቅጽ ዘረጋች። እርሳስ ነበራት፤ መልሳ ኪሷ ከተተችውና የኤጄታን ቢክ እስክሪብቶ ተዋሰች። አንደኛ በሚለው ፊት «ስሟ ያልተገለጸ» ብላ ጻፈች። ቀጥላም «47»።

መምህር ተሻለ ወረቀቱን ቆመው አነበቡ። ውጭ ሰልፉ መያዝ ጀምሯል።

«ስም ከሌለ ይሰረዝ ብዬ አልነበረም?»

«ብለዋል፣ ቲቸር። ግን ያሉት ከተመረጠ በኋላ ነው። ልጆቹ ሲጽፉ ስም ካላወቃችሁ አይቆጠርም ያላቸው ሰው የለም።»

«አንድ ጎድሎ ነበር።»

«ተቆጥሯል።»

«የታለ?»

ሲንቄ ዓይኗን አልሰበረችም። መምህሩ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ፤ እሷን አዩ፣ ኤጄታን አዩ፣ በመስኮቱ በኩል ከሰልፉ ፊት የቆሙትን እንግዶች አዩ። ሊናገሩ አፋቸውን ከፍተው የነበረ ቢሆንም የተናገሩት ሌላ ነገር ነው።

«ሰዎቹ ማናት ብለው ቢጠይቁ ምን እንላለን?»

«አናውቅም እንላለን። ወረቀቶቹም እንደዚያው ነው የሚሉት።»

«ሁሉም?»

«ጠረጴዛው ላይ ያሉት ሁሉም።»

መምህር ተሻለ ወረቀቱን መለሱላት። «ኤጄታ፣ ማይኩን አብራ» አሉ። «ማን ያነባል?»

ሁልጊዜ የሚያነበው ኤጄታ ነው። ሲንቄ ጸሐፊ ናት፤ ማይክሮፎኑን ነክታው አታውቅም። ኤጄታ እጁን ለወረቀቱ ዘረጋ፤ እሷ ግን አልሰጠችውም። ማይክሮፎኑ ፊት ቆመች። ሰዓቱ ሁለት ከሩብ ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል፤ ከመንገዱ ማዶ፣ ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ፣ ካርድ የሚጠብቁ በሽተኞች አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል። በሩ ላይ ነጭ ጋውን ይታያል፤ የማን እንደ ሆነ ከዚህ ርቀት አይለይም።

ሲንቄ ጎንበስ ብላ የአምፕሊፋየሩን የድምፅ ማዞሪያ ፈለገች። ኤጄታ ሁልጊዜ አምስት ላይ ነው የሚያቆመው። እስከ ስምንት ወሰደችው።