የላላው መዶሻ

«መዶሻዎቹን ከታች፣ መጋዙንና ሞረዱን ከላይ አድርጊው» አለ የወርክሾፕ መምህሩ፣ ቀና ብሎም ሳያያት።

ልጅቷ የጆንያውን አፍ ከፍታ ያዘች። ያረጁት መሣሪያዎች ወለሉ ላይ ተከምረዋል፤ ጥርሱ የረገፈ መጋዝ፣ የዶለዶመ መሮ፣ አፉ የማይገጥም ፒንሳ። ተማሪዎቹ ይቀየርልን እያሉ ሲወተውቱ፣ መምህሩ እኛም በዚሁ ነው የተማርነው እያለ አፋቸውን ያስይዛቸው ነበር። ዛሬ ግን ቆራሌውን ራሱ ጠርቶ በር ላይ አቁሞታል።

ለምን እንደቸኮለ አላጣችውም። ትናንት የአንዱ መዶሻ ራስ ከእጀታው ተፈናጥሮ የክፍላቸውን ልጅ ግንባር ፈንክቷል። የተፈነከተችውን ልጅ «ምላጭ» ነው የሚሏት፤ ምላሷ ስለማይምር። መምህሩ ለዳይሬክተሯ መዶሻ እየወረወረች ስትጫወት ነው የተመታችው ብሎ ነገራት። ዛሬ ምላጭ ከእናቷ ጋር ቀርባ ትባረር አትባረር ይወሰናል።

ልጅቷ ትናንት ከምላጭ አጠገብ ነበረች። ሚስማር እየመታች እንጂ እየተጫወተች አልነበረም። ይህን ለማንም አልተናገረችም። አባቷ ጥሏቸው የሄደ ጊዜ ወሬውን ክፍል ውስጥ ዘርግታ መሳቂያ ያደረገቻት ይቺው ምላጭ ናት፤ ከዚያ ወዲህ ዓይንሽን ላፈር እንደተባባሉ ነው። ትናንትም ደሙን ስታይ፣ ከድንጋጤው ሥር ደስ የሚል ነገር ሽው ብሎባት ነበር።

ከክምሩ ውስጥ ያን እጀታ አገኘችው። ስንጥቁ በሽቦ ተጠምጥሟል። ሽቦውን ያሰረው መምህሩ ራሱ ነበር፣ ክፍሉ ሁሉ እያየው። የመዶሻው ራስም እዚያው አጠገቡ ወድቋል።

«እሱንም ክተቺው።»

«የትናንቱ እኮ ነው፣ ቲቸር።»

«ብረት አይደል? ይቀልጥና ሌላ ነገር ይሆናል።» ቀረብ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለዚያች ልጅ ጠበቃ ልትቆሚ ነው? ስላንቺ ምን ስትል እንደምትውል የማላውቅ መሰለሽ? ደሞ ያንቺ ማርክ ገና እጄ ላይ ነው።»

ከማርኩ ይልቅ የፊተኛው ነገር አንገበገባት። ጥላቻዋን አይቶ፣ እንደ አንድ የሥራ ዕቃ አንስቶ ሊገለገልበት ነው። እሷም እስካሁን ስታቀብለው ቆይታለች።

ጆንያውን ለቀቀችው። እጀታውንና ብረቱን በጋዋኗ ጠቅልላ ወጣች። ከኋላዋ ስሟን ሲጠራ ሰማች፤ አልዞረችም።

ምላጭ ግንባሯ በፋሻ ታስሮ፣ ከእናቷ ጋር የዳይሬክተሯ ቢሮ ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነበር። ስታያት ፊቷን አጨፈገገች።

«ስባረር ልታዪ ነው የመጣሽው?»

ልጅቷ ጋዋኑን ፈታ አሳየቻት። ምላጭ ሽቦውን ትኩር ብላ አየችው። እናትየዋ አንድ ነገር ሊጠይቁ ሲሉ ልጃቸው ቀደመቻቸው።

«እኔ አልለመንኩሽም» አለች። «ደሞ ከዚህ በኋላ ጓደኛ ምናምን እንዳትዪኝ።»

«አልልሽም። አሁንም እጠላሻለሁ።»

መምህሩ በኮሪደሩ ጫፍ ብቅ አለና እጁን እያወዛወዘ ፈጠን ፈጠን ይል ጀመር። ልጅቷ እስኪደርስ አልጠበቀችም፤ በሩን አንኳኳች።