ከሎኮሞቲቩ ሥር ያለው ሰው

ሽማግሌው የሞቱት ከገዛ ባቡራቸው አጠገብ ነበር። ጭንቅላታቸው የሥራ ጠረጴዛው ጥግ ላይ የታሰረውን የብረት መቆንጠጫ ሞርሳ መትቶ፣ በጥላሸት የጠቆሩ ጣቶቻቸው እንደተዘረጉ ቀርተዋል። የጓሮውን ክፍል ከሞላው የአሻንጉሊት ባቡር ላይ ግን አንድም ነገር አልተሰበረም። ሐዲዱ ዙሪያውን ይዞራል፣ ጣቢያው ላይ ጣት የማያህሉ መንገደኞች ሻንጣቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። ከእነሱ በቀር ከሟቹ ጋር ያደረ አልነበረም።

መርማሪዋ አጭርና ዝምተኛ ሴት ናት። ሰው ሲዋሻት ደስ ይላታል ይባላል፤ ሥራዋን ያቀልላታል። አለቃዋ ግን ጧት በስልክ ነገሩን ጨርሶት ነበር። «የእህታቸው ልጅ ትናንት ስትጮኽባቸው ጎረቤት ሰምቷል። እስከ ማታ ሌላ ሰው ካላገኘሽ እሷን ይዘሽ ነይ» ብሏታል።

አስከሬኑን ያገኘችው የእህት ልጅ ነርስ ናት። በረንዳው ላይ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ አብጧል።

«ተጣልታችኋል?» አለቻት መርማሪዋ።

«ተጣልተናል። እኔ ቤት ይግቡ ብዬ ነው የጀመርኩት። ብቻቸውን ቢወድቁ ማን ይሰማል? ይኸው፣ ማንም አልሰማ።»

«እምቢ አሉሽ?»

«እሺ ብለውኛል። ጠቡ በሌላ ነው፤ ኋላም በስልክ ታርቀናል። ግን ማን ያምነኛል?»

«በምንድን ነው የተጣላችሁት?»

ልጅቷ ወደ በረንዳው ጫፍ ሰረቅ አድርጋ አየችና አቀረቀረች። እዚያ የሟቹ የዱሮ የሥራ ባልደረባ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። «በሰው ፊት የሚነገር አይደለም» አለች። «ከመጣላታችን በፊት ያነሣሁት ፎቶ ግን ይኸው። የአሻንጉሊት ባቡራቸውን ጋራዥ ሲያሳዩኝ እንደ ልጅ ደስ ብሏቸው ነበር።»

መርማሪዋ ስልኩን ይዛ ወደ ጓሮው ክፍል ተመለሰች። ከሁሉም የተለፋበት ባቡሩን የሚጎትተው ሎኮሞቲቭ የሚጠገንበት ጋራዥ ነው። ሽማግሌው በሥራ ዘመናቸው ንድፍ አውጪ ስለነበሩ እንደ እውነተኛ ሕንፃ ነው የነደፉት። የሎኮሞቲቩ ጭስ ማውጫ ልክ ከጣሪያው ቀዳዳ ሥር ይውላል። ሐዲዱ መካከል ጉድጓድ አለ፤ ጉድጓዱ ውስጥ ከሎኮሞቲቩ ሥር አንድ የላስቲክ መካኒክ መፍቻ ይዞ አንጋጧል። ወለሉ ዘይት የፈሰሰበት ይመስላል። ትናንት ደግሞ ግድግዳውን ጥላሸት ሲቀቡ ስለዋሉ የነካኩት ሁሉ ጥቁር የጣት ምልክት አለበት፤ ብርጭቋቸውም፣ መነጽራቸውም፣ የመብራቱ ማብሪያም።

ከሎኮሞቲቩ ፊት ግን ስቴኪኒ ላይ የተጠመጠመች፣ ጥፍር የምታህል ቀይ ጨርቅ ተሰክታለች። አንድም ጥቁር ነጥብ የለባትም። በፎቶው ላይ ደግሞ ጭራሽ የለችም።

መርማሪዋ ጨርቋን ሳትነቅል ልብስ ሰፊውን ጠራችው። ከፊት ለፊት ያለውን ክፍል የተከራየው እሱ ነው።

«የእኔ ጨርቅ ናት» አለ ጎንበስ ብሎ። «የደንበኛዬ ቀሚስ ናት። ጨርቁን ያመጣችልኝ ትናንት ልጅቷ እንባዋን እየጠረገች ከሄደች በኋላ ነው። ቁርጥራጩን በር ላይ ካለው ካርቶን ጥዬ የተሰፋ ላደርስ ወጣሁ። ማን ገባ ማን ወጣ አላየሁም።»

«አንተው ብትሆንስ የሰካሃት?»

«ኧረ እህቴ፣ ጠርዟን እያት እንጂ! በጥርስ የተዘነጠለች ናት። መቀስ ከእጄ የማይለይ ሰው ጨርቅ በጥርሴ ልዘንጥል? መታሰሩ ይሻለኛል።»

መርማሪዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ በረንዳው ወጣች። የሟቹን ባልደረባ ሁሉም «ፍሬን» ነው የሚላቸው፤ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በሎኮሞቲቭ ፍሬን ጥገና ነው።

«ከባለፈው ሳምንት ወዲህ ዛሬ መርዶ ሰምቼ መምጣቴ ነው፣ ልጄ» አሉ። «ጉልበቴን አሞኝ ትናንት ቤቴ ዋልኩ።»

«ከማን ጋር?»

«ከግድግዳው ጋር ነዋ። በሳምንት አንድ ቀን እዚህ መጥቼ እሱ ይነድፋል፣ እኔ እገጣጥማለሁ። ሌላውን ቀን ሁሉ ያቺን ቀን ስጠብቅ ነው የምውለው።»

መርማሪዋ አዘነችላቸው። ማዘኗ ግን ሥራዋን አላስረሳትም፤ ሦስቱንም ወደ ጓሮው ክፍል አስገባቻቸው።

«ይቺን ጨርቅ እዚህ ያስቀመጠው ሟቹ አይደሉም» ብላ ጀመረች። «እጃቸው ጥላሸት ነው፤ እሷ ንጹሕ ናት። የእህት ልጅም አይደለችም፤ ጨርቁ ግቢ የገባው እሷ ከወጣች በኋላ ነው። ተመልሳ መጣች ብንል እንኳ...» ወደ ነርሷ ዞረች። «ለመሆኑ ይቺ ምንድን ናት?»

«ጌጥ መስላኝ።»

«አንተስ?»

«የልጅ ጨዋታ ናት እንጂ፣ ሌላ ምን ትሆናለች?» አለ ልብስ ሰፊው።

«እኔም አላወቅኳትም» አለች መርማሪዋ። «የሰካት ሰው ግን መምጣቱን ደብቋል፤ ሟቹን የገፋው እሱ ከሆነ፣ አጠገቡ ሰው ወድቆ እያለ ጨርቅ ፈልጎ ይቺን ሠርቷል። ስለዚህ ለእሱ ጨዋታ አይደለችም።» ሁለት ጣቷን ወደ ጨርቋ ዘረጋች። «አሁን አንሥቼ ሎኮሞቲቩን ላስኪደው።»

«ተይ!» ፍሬን ከወንበራቸው ተስፈንጥረው እጇን ያዙ። «ሥሩ ሰው አለ! ባንዲራውን የሚያወርደው የሰቀለው ብቻ ነው!»

የተናገሩትን ራሳቸው የሰሙት ዘግይተው ነበር።

«ማነው የሰቀለው፣ ጋሼ?» አለች መርማሪዋ በቀስታ።

ፍሬን እጃቸውን መልሰው ወንበሩን በዳበሳ ፈለጉ። «ትናንት ስገባ ‹የእህቴ ልጅ ቤት ልገባ ነው፤ ነገ ይሄን አፍርሰን...› አለኝ። አላስጨረስኩትም። ይሄ ከፈረሰ እኔ የት ነው የምሄደው? ገፋሁት። ተነሥ አልኩት፤ አልተነሣም። ልወጣ ስል ያን ትንሽ ሰው አየሁት። ሥሩ ገብቶ ይሠራል፣ ‹ከሥር ሰው አለ፣ አታንቀሳቅሱ› የሚል ቀይ ባንዲራ የለውም። ሰው እንዲህ ትቼ ሄጄ አላውቅም።»

«አጎቴን ትተዋቸው ሄደዋል እኮ» አለች ነርሷ።

ፍሬን ፊታቸውን ወደ ትንሹ መካኒክ አዞሩ። ልጅቷ ግን ልትናገር የፈራችውን ከዚህ በላይ ልትይዘው አልቻለችም።

«የተጣላነው በእርስዎ ነው» አለች። «‹እሱን ብቻውን ትቼው አልመጣም› አሉኝ። ቤቴ ጠባብ ነው ብዬ ጮኽኩባቸው። ኋላ ጸጸተኝና ደውዬ እሺ፣ አብራችሁ ኑ አልኳቸው። ‹ዛሬ ሲመጣ እነግረዋለሁ፤ ነገ አፍርሰን ሁለታችንም እንመጣለን፣ እዚያ እንደገና እንተክለዋለን› አሉኝ።»

ፍሬን ቀና አሉ።

«ሁለታችንም?» አሉ።