ማሲራ አጠገብ የለካን ሰው

ይህን ማንም አልነገረኝም። ጀልባው ላይ ነበርኩ። ባታምኑኝ አልቀየምም፤ በዓይኔ ባላየው ኖሮ እኔም አላምንም ነበር።

ሰዓቱ ከንጋቱ አስራ ሁለት። ቦታው ከማሲራ ደሴት በስተምሥራቅ። ባሕሩ ላይ ጉም ተኝቶበታል...

ሦስት ነበርን። የጀልባው ናኾዳ፣ ማለትም አዛዡ፣ አጎቴ ኸልፋን፣ ከሱ ጋር ሃያ ዓመት የሠራው መርከበኛ ረቢዕ፣ እና እኔ ሙንዚር፣ የባሕር ኮሌጅ ጨርሼ የተመለስኩት። በእንጨት ጀልባችን ከሳላላ ወደ አገራችን ወደ ሱር እየተጓዝን ነበር።

ነገሩ የጀመረው ግን ሳላላ ወደብ ላይ ነው። በኔ።

አጎቴ ከማል የሚሏት የኮከብ መለኪያ አለችው። መዳፍ የምታህል ሳንቃ ናት። መሃሏ ላይ ገመድ ተሰክቷል፤ ገመዱ ላይ ቋጠሮዎች አሉ፤ እያንዳንዱ ቋጠሮ የአንድ ቦታ ነው። የምትፈልገውን ቋጠሮ በጥርስህ ነክሰህ ሳንቃዋን ወደ ፊት ትዘረጋታለህ። ታችኛው ጠርዟ አድማሱን፣ ላይኛው የሰሜኑን ኮከብ እኩል ከነካ ደርሰሃል ማለት ነው።

"ሁለት ጥርስ ነው የቀረኝ" ይላል አጎቴ። "ሁለቱንም ለኮከብ ነው ያስቀመጥኳቸው።"

ሳላላ ላይ የወደቡን ጎረምሶች ሰብስቤ እሱን አስመሰልኩት። ከንፈሬን ወደ ውስጥ አጥፌ፣ ጀርባዬን አጉብጬ፣ ገመዱን ነክሼ...

ሳቁልኝ። ደስ አለኝ። የበለጠ ሳብኩት።

ተበጠሰ።

ማንም ሳያየኝ በዓሣ ማጥመጃ ናይለን ተካሁት። ቋጠሮዎቹን ከአሮጌው ቁርጥራጭ ጋር እያስተያየሁ ቋጠርኩ። አዲስነቱ እንዳይታወቅ ጀልባ በምንቀባበት የሻርክ ዘይት አሸሁት። ጂፒኤስ እያለ ሳንቃ ማን ያያል ብዬ ነው።

በሁለተኛው ቀን ትልቅ ማዕበል ጀልባው ላይ ተደፋ። ጂፒኤሱም፣ የሁላችንም ስልክ የነበረበት ሣጥንም ውሃ ጠጡ።

ረቢዕ ሣጥኑን ሲያጋድለው ውሃው ከጀበና እንደሚቀዳ ቡና ወረደ።

"ኮሌጁ ሰመጠ!" አለና ሳቀ። "ከእንግዲህ ምን ልትሠራልን ነው መሐንዲሱ? ሩዝ ትለቅማለህ?"

"ልጁን ተወው" አለ አጎቴ። "እኛ እንጨቷ አለችን።"

ያኔ መናገር ነበረብኝ።

ሲመሽ፣ አድማሱ ሳይጠፋ ኮከቡ ብቅ እንዳለ፣ አጎቴ ከማሉን አወጣ። የማሲራን ቋጠሮ ነከሰ። ሳንቃዋን ዘረጋ። ረጅም ጊዜ ቆመ...

ከዚያ ገመዱን ከአፉ አወጣና ተፋ።

"ሙንዚር።"

"አቤት አጎቴ።"

"ገመዱን ነክተኸዋል?"

"አልነካሁም።"

"አፌ ውስጥ ሌላ ሌላ ይለኛል።"

"አልነካሁም አልኩህ እኮ።"

"ወላሂ በል።"

ረቢዕ ዞር ብሎ አየኝ። ፈገግ ብሏል፤ የሽማግሌ ነዝናዛነት መስሎታል።

"ወላሂ" አልኩ።

"እንግዲያው ያረጀው የኔ አፍ ነው" አለ አጎቴ። አመነኝ። "ማሲራን አልፈናል። ወደ ባሕሩ ዳር እንድንጠጋ ወደ ምዕራብ አዙሩ።"

ናይለን ሲረጥብና ሲሳብ እንደሚረዝም ተምሬያለሁ። ገመዱ ከረዘመ፣ ቦታው ላይ ሳትደርስ የደረስክ ያስመስላል። ወደ ምዕራብ የታጠፍነው ገና ደሴቷን ሳናልፍ ከሆነ፣ ፊት ለፊታችን ያለው በውሃ የተሸፈነ አለት ነው።

ይህን እያወቅኩ ተኛሁ። ሲነጋ እነግረዋለሁ ብዬ።

ሲነጋ ውሃው ነጥቶ ነበር።

ወፍ የለም። ነፋሱ የረጠበ ጭቃ ይሸታል። አጎቴ ሞተሩን አጥፍቶ ሸራውን አሳጠረ። ረቢዕ ጫፉ ላይ ከባድ እርሳስ የታሰረበትን የጥልቀት መለኪያ ገመድ ይዞ ወደ ጀልባው አፍንጫ ወጣ። ገመዱን ሁለት ጊዜ የእጁ አንጓ ላይ ጠመጠመና ወረወረ።

"ሃያ ክንድ!"

አጎቴ ግንባሩን ቋጠረ። "ሃያ? እዚህ?"

ረቢዕ ደግሞ ወረወረ። እርሳሱ ገና እየወረደ ሳለ...

"አስራ ስድስት።"

ድምፁ ቀስ ያለ ነበር። ረቢዕ ገመዱን ስቦ ቆጠረ።

"አስራ ስድስት!" ብሎ ጮኸ።

"ሰማንህ እኮ፣ ምን ሁለቴ ትላለህ?" አለው አጎቴ።

"አንዴ ነው ያልኩት።"

ተያየን።

ረቢዕ እንደገና ወረወረ። በዚህ ጊዜ ሦስታችንም ሰማነው። የመጣው ከፊታችን ነው። ከጉሙ ውስጥ።

"አስር።"

ረቢዕ ገመዱን ሳበ። በጣቶቹ አሳየን። አስር።

"ዓሣ አጥማጅ ይሆናል" አልኩ በሹክሹክታ። እውነት ይሁን ብዬ ተመኘሁ።

"ዓሣ አጥማጅ የኔን ገመድ ከየት ያነበዋል?" አለ ረቢዕ።

ጉሙ ትንሽ ሳሳ።

ሰው ቆሟል።

ጀልባ የለውም። ውሃው ቁርጭምጭሚቱን እንኳ አልሸፈነውም። እጁን ወደ ፊት ዘርግቷል። እጁ ላይ ሳንቃ አለ... ከሳንቃው ገመድ ወደ አፉ ተወጥሯል።

ፀሐይ እየወጣች ነው። ሰማይ ላይ አንድም ኮከብ የለም። ወደ ሰሜንም አልዞረም።

የሚለካው እኛን ነበር።

ጉም ዓይን ያታልላል፤ ይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ። ብዙ ጊዜ ለራሴ እንደዚያ ብዬ ተከራክሬያለሁ። ግን ገመዱን በጥርሱ ነክሶ እያየሁት፣ ከንፈሩ ሳይነቃነቅ፣ ተናገረ።

"ስድስት።"

"አጎቴ..." አልኩ። "ገመዱ የኔ ነው። ናይለን ነው። አሮጌውን በጥሼዋለሁ።"

አጎቴ ዞሮም አላየኝም። መሪውን እንጨት በሙሉ ሰውነቱ ገፋው። "ረቢዕ፣ ተመለስ! ከአፍንጫው ውረድ!"

ጀልባው አለቱን ገጭቶ ተቀረቀረ። ሁላችንም ወደቅን። ስነሳ አፍንጫው ላይ ማንም አልነበረም።

የመለኪያው ገመድም አብሮት ሄዷል።

አለቱ ላይ ያለው ውሃ ለእንብርት አይደርስም። በደረቱ የተኛ ሰው እንኳ ጀርባው ይታያል። ስሙን እየጠራን እስከ ቀትር ውሃውን እየረገጥን ፈለግነው። የቆመውም ሰው የለም። ረቢዕም የለም።

የባሕሩ ውሃ ሞልቶ ጀልባው ሲላቀቅ አጎቴ አንድ ነገር ብቻ ነገረኝ።

"ባሕር ላይ ናኾዳ አንድ ነው። ጥፋትም የአንድ ሰው ነው። አፍህን ዝጋ።"

ለቅሶው ላይ አጎቴ ከረቢዕ ሚስት ከዙወይና ፊት ተቀመጠ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ።

"ዓይኔ ነው የከዳኝ" አላት። "ኮከቡን አሳስቼ ለካሁ።"

"ዓይንህ ከከዳህ ለምን ሰው ይዘህ ወጣህ?" አለችው። "ስንቴ ጨውህን በላ! ሃያ ዓመት አባቴ ሲልህ አልነበር?"

አንገቱን ደፋ። ቀና ብላ ወደኔ ዞረች።

"አንተስ የተማርከው፣ ሽማግሌው ሲሳሳት እንዴት ዝም አልክ?"

አፌን ከፈትኩ።

አጎቴ ጉልበቴን ያዘው። መልሼ ዘጋሁት። እውነቱን ልንገራችሁ፤ እጁ ባይይዘኝ እንኳ እዘጋው ነበር።

አሁን ሱር ውስጥ ዕውሩ ናኾዳ ይሉታል። መሪ የሚያስይዘው የለም። እኔን ግን ገበያ ላይ ትከሻዬን መታ አድርገው "አይዞህ፣ አላህ አተረፈህ" ይሉኛል። አመሰግናለሁ እላለሁ።

ትናንት ጠዋት ለሥራ ልወጣ በሬን ከፈትኩ።

ቤቴ ከባሕሩ ዳር ነው፤ እስከ ደጃፌ ድረስ አሸዋ ነው። ከውሃው ጀምሮ የሁለት ሰው ባዶ እግር ኮቴ መጥቷል።

አንደኛው እንደማንኛውም ሰው ወደ ቤቴ ተራምዷል። ከጎኑ ገመድ የተጎተተበት ቀጭን መስመር አለ፤ መስመሩ መጨረሻ ላይ እንደ እርሳስ ያለ ከባድ ነገር የቆፈረው ጉድጓድ።

ሁለተኛው ከፊቱ ነው። ግን የኋሊት ነው የተራመደው። ፊቱን ወደ ሰውዬው አዙሮ፣ ከባሕሩ እስከ ደጃፌ፣ መሃላቸው ሳይሰፋ ሳይጠብ የአንድ የተዘረጋ ክንድ ርቀት ብቻ ጠብቆ፣ እንደሚለካ ሰው...

የሱ ተረከዝ የበሬን ሳንቃ ነክቶ ቆሟል።

የተመለሰ ኮቴ የለም።