ከሀሩን እንቅልፍ የወሰድኩት ድምፅ

መጀመሪያ የመጣው ድምፁ ነው።

የታፈነ... ሳግ የሚያንቀው የወንድ ለቅሶ።

ፈጠራ የመሰለው ሰው ዱባይ አጠገብ፣ አጅማን ይምጣና አልጋውን ላሳየው። ዓርብ ነበር፣ ከጁምዓ በኋላ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ። መስኮቱ ላይ በለጠፍነው ካርቶን ጠርዝ ፀሐይ ሾልካ ትገባለች። ሌሊት ቢሆን ኖሮ ቅዠት ነው ብዬ በተውኩት።

ስሜ ልዑል ነው። ሥራ ስላልነበረኝ ሀሩን የሚባል የወሎ ሰው ቢድ ስፔሱን፣ በጋራ ክፍል ውስጥ የተከራያትን አንዲት አልጋ፣ አጋራኝ። እሱ ሌሊት ዱባይ ኢንቨስትመንት ፓርክ መጋዘን ሲጠብቅ አልጋው ላይ እኔ እተኛለሁ። ጠዋት ሲመጣ እነሳለታለሁ፤ መጋረጃውን ስቦ ይተኛል። አንድም ቀን ፊቱን አጥቁሮብኝ አያውቅም።

እኔ ወለሉ ላይ ላፕቶፔን ሻንጣ ላይ አድርጌ ጌም መሥራት እማራለሁ። ሦስተኛው የክፍላችን ሰው ፍቅሩ፣ ሹግል ፍለጋውን ትቶ ጅኒ ይቀልባል እያለ በሥራ ፈትነቴ ይስቅብኛል።

ጌሙ ቀላል ነው። ቤት ውስጥ ሦስታችን አለን፤ አንድ ጥላ ያሳድደናል። በኮዱ ቤቱ አንድ ክላስ ነው፣ የራሱ ትእዛዝ ያለው ክፍል፤ ጥላው ሌላ ክላስ። የሰዎቹ ዝርዝር ያለው ቤቱ ጋ ነው። ጥላው ማንን እንደሚያሳድድ እንዲያውቅ ያንኑ ዝርዝር ሰጠሁት።

ቅጂውን አይደለም... ራሱን። አንዱ ሲነካው ሌላውም ጋ ይነካል። እንደ እኔና እንደ ሀሩን አልጋ።

ጥላው ድምፅ ጎደለው።

ሀሩን ደግሞ በእንቅልፉ ያለቅሳል። «ለይላ... እዚያው ጠብቂኝ... መጣሁ» ይላል። ለይላ ማን እንደሆነች ጠይቄው አላውቅም። ስልኬን በመጋረጃው ክፍተት አስገብቼ ለቅሶውን ቀዳሁት። ለጥላው ሰጠሁት።

ያን ዓርብ ድምፁ የመጣው ከላፕቶፑ ነው።

ጌሙን ግን ገና አላስነሳሁትም ነበር።

ስክሪኑ ላይ ቤቱ ታየ። ቆጠርኩ። አራት ሰው...

ደግሜ ቆጠርኩ። አራት።

ሦስታችን እንቀሳቀሳለን። አራተኛዋ በሩ ጋ ቆማለች። አጭር ናት፣ ነጠላ ያጣፋች። እንዲህ ያለ ምስል አልሠራሁም።

ኮዱን ከላይ እስከ ታች ፈተሽኩ። ጥላው የያዘውን ሰው ከዝርዝሩ መሰረዝ እንጂ መጨመር አያውቅም፤ አላስተማርኩትም። በእጄ ሰረዝኳት። ሦስት ሆንን።

ከዚያ... አራት።

ለቅሶው እንደገና ጀመረ። ላጠፋው ስንደፋደፍ መጋረጃው ተከፈተ። ሀሩን ነቅቷል።

«ይሄን ከየት አመጣኸው?» አለ፣ በሹክሹክታ።

«ከኢንተርኔት ነው፣ ጋሼ።»

«ዋላሂ በል።»

አልኩ።

ፊቴ ነደደ። በጥፊ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። ያስጠጋኝ ሰው ነው፤ እሱን ካጣሁ እዚህ አገር ማንም የለኝም። እሱ ግን እኔን ትቶ ስክሪኑን አየ። በሩ ጋ የቆመችውን።

«ለይላ... ከመጣች ቆየች?»

እኔም ወደ ስክሪኑ ዞርኩ።

ጥላው ማንንም አልያዘም። እኔም ምንም አልነካሁም። የሀሩን ስም ግን ከዝርዝሩ ጠፋ።

ሀሩን ከአልጋው ወረደ። ሸሚዙን ቆለፈ፣ ጫማውን አጠለቀ። ስልኩን ትራሱ ሥር ተወው።

«ጋሼ... እኔ ነኝ የቀዳሁት» አልኩት።

አልዞረም።

ከፍቶ ወጣ። ወዲያው ግን አልዘጋም። ከኋላው የሚመጣ ሰው እስኪያልፍ እንደሚጠብቅ፣ በሩን በእጁ ደግፎ ኮሪደሩ ላይ ቆመ። ዓይኑ ዝቅ ብሎ... ቀስ እያለ እኔ የማላየውን አጭር ሰው ተከተለ።

ከዚያ በሩን ዘጋው።