መንገድ ያጣው ውሃ

ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ ዓይኑን ከዓሣ ላይ መንቀል ያቃተው ሰው እስከዚያ ቀን አጋጥሟት አያውቅም።

ልብስ ሰፊዋ የምትሠራው ከሳሎኑ በመጋረጃ በተከፈለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። መጋረጃው ገለጥ ሲል ግድግዳውን የሞላው የመስታወት ገንዳ ይታያል። እሷ ተንበርክካ የሱሪውን ጫፍ በስፒል ስትይዝ፣ እሱ አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ ያያል።

«ኧረ ዝም ብለህ ቁም! አንዱ እግር ሊያጥርብህ ነው።»

«ዓሣዎቹ ትንፋሽ አጥሯቸዋል» አለ። «አየሽ? አፋቸውን ወደ ላይ እያወጡ ነው። እኔ የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። ፓምፑ ደህና ነው፤ ውሃው ነው መንገድ ያጣው። ማን ነው ቱቦውን እንዲህ እንደ አንጀት ያጠማዘዘው?»

«እኔ ነኝ» የሚል ድምፅ ከሳሎን መጣ።

አባቷ ነበሩ። እንግዳው ይቅርታ ሊል አፉን ሳይከፍት በሩን አሳዩት።

ደጅ ድረስ ተከተለችው።

«እናቴ ታማ ተኝታ ሳለ የፓምፑ ድምፅ እንቅልፍ ይነሳት ነበር» አለችው። «አባዬ ማጣሪያውን ከነፓምፑ ወደ ጓሮ ክፍል ወስዶ፣ ቱቦውን በየጥጉ አዙሮ አመጣው። ዓሣዎቹን እያየች ነው ያረፈችው።»

ቀና ብሎ አያት። እሷም አየችው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ? እሷንም ሳይታወቃት ወሰዳት።

ከዚያ በኋላ ሰበብ አላጣም። ዛሬ ቁልፉ የወለቀ ሸሚዝ፣ ነገ ኪሱ የተተረተረ ጃኬት ይዞ ይመጣል። አባቷ ከሳሎን ሆነው ያስላሉ።

«ይሄ ሰው ልብሱን በጥርሱ ነው እንዴ የሚያወልቀው?»

አንድ ጠዋት እናቷ የምትወዳት ነጯ ዓሣ በጎኗ ተጋድማ ተገኘች። ጉሮሮዋ ብቻ በድካም ይንቀሳቀሳል። አባቷ ከመስታወቱ ፊት ቆመው ቆዩ፤ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣

«ያንን ቡትቷም ጥሪው» አሉ።

መሣሪያውን ተሸክሞ እየሮጠ መጣ።

«አባቴ፣ ለምን እንደዞረ ሳላውቅ ተናገርኩ። ይቅር ይበሉኝ።»

«እሱን ተወው። ምን ይሻላል?»

«ማጣሪያው ከገንዳው ሥር ይምጣ። ቱቦው አጠር፣ ወፈር ይበል፤ ሲታጠፍም በቀስታ ይታጠፍ። የአሁኑ በየመታጠፊያው የውሃውን ጉልበት ይሰብረዋል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን ድምፁ እዚህ ይሰማል።»

የአባቷ ዓይን የእናቷ አልጋ ወደነበረበት ጥግ ሄደ። እዚያው ቆየ።

«ይሰማ» አሉ በመጨረሻ። «የሚተኛ ሰው የለም።»

ሦስቱም እጅጌያቸውን ሰብስበው ገቡበት። አባትየው ይቆርጣሉ፣ የቧንቧ ሠራተኛው ያገጣጥማል፣ እሷ ቱቦውን ትይዛለች። የእሷና የእሱ ጣቶች በእርጥቡ ቱቦ ላይ ተነካኩ፤ ማንም እጁን አልሰበሰበም።

ፓምፑ እያጉረመረመ ተነሳ። ውሃው ተገፍቶ ወጣ፤ የገንዳው ሣር ወደ አንድ ጎን ዘመመ፤ አረንጓዴ ብርሃን በጣሪያው ላይ ተንሳፈፈ። ነጯ ዓሣ ክንፏን አራገበች፣ ተንገዳገደች፣ ቀስ ብላም ተቃናች።

አባቷ ዓይናቸውን በክንዳቸው ጠረጉ።

«አንተ» አሉት፣ «ሌላም የምትፈልገው ነገር አለ መሰለኝ። ጠይቅ። ግን እኔን አይደለም።»

ወደ ጓሮ ወጡ። ወጣቱ እጁ ውሃ እያንጠባጠበ ቆሞ ቀረ።

«እኔ…»

«እሺ» አለች።

«ገና አልጠየቅሁሽም እኮ!»

«አውቃለሁ። ጠይቀኝ፤ ደግሜ እሺ እልሃለሁ።»