ያልተንቀጠቀጠ ድምፅ

የድንገተኛ ጥሪ ክፍሉ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው የለም፤ ሁሉም «ውሃ» ነው የሚላት። ሰማይ ቢደፋ ድምፅዋ ንቅንቅ አይልማ!

ይህን ያስተማራት ደግሞ አጠገቧ የሚቀመጠው ልጅ ነው። ሥራ የጀመረች ሰሞን አንዲት ደዋይ ስታለቅስ አብራት ልታለቅስ ምንም አልቀራትም ነበር። ልጁ ወንበሩን ወደሷ ሳብ አድርጎ፣

«ስሚኝ እህቴ» አላት፤ «እነሱ ሲጮኹ አንቺ ዝቅ በይ። አንቺም ከተንቀጠቀጥሽ ምኑን ይያዙት?»

ተማረች። ኧረ ተምራም በለጠችው።

«አንቺ እኮ ቤትሽ ቢቃጠል፣ ጭሱ እንዲወጣ መስኮት ክፈቱ ነው የምትዪው» ይላታል።

«አንተ ደግሞ ያለ ስልክም ትሰማለህ» ትለዋለች።

በሁለት ጥሪ መሃል ዓይን ለዓይን ሲጋጩ ግን ሁለቱም ዝም። ያ ዝምታ ዓመት ሳይሞላው ቀለበት ሆነ። እናቷም ልጁን ከአንጀቷ ወደደችው። ሰርጉ ሁለት ወር ቀረው።

አንድ ረፋድ፣ «ውሃ» እረፍት ወጥታ ቤት የዋለች ቀን፣ እናቷ ድንች እየላጠች ቢላዋው ከእጇ ወደቀ። ቀጥሎ ራሷ ወደቀች።

ወደ ጥሪ ክፍሉ ስትደውል ስልኩን ያነሳው እጮኛዋ ነው።

«እኔ ነኝ። እማዬ ወድቃለች። አንድ ጎኗ አልታዘዝ ብሏታል፣ አፏም ተጣሟል። አምቡላንስ ላክልኝ።»

ልክ የሌላ ሰው እናት እንደሆነች አድርጋ ነው የነገረችው። በአንድ እጇ የእናቷን ራስ ደግፋ፣ ድምፅዋ ግን ዝርግ።

«ትተነፍሳለች?»

«አዎ።»

«ያለኝ አንድ መኪና ነው፤ በሌላው መስመር አንድ አባት ልጄ ሞተ እያለ ይጮሃል። አንቺ አለሽላት አይደል? በጎኗ አስተኚያትና ትንሽ ታገሺኝ፣ የኔ ውሃ።»

መኪናው ወደሚጮኸው ሄደ። የሰውየው ልጅ ከደረጃ ወድቆ ክንዱን ነበር የተሰበረው። ለእናቷ ሌላ መኪና እስኪገኝ አርባ ደቂቃ አለፈ። በሦስተኛው ቀን እናቷ አረፈች።

ከቀብሩ በኋላ እጮኛዋ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ፂሙ አድጓል፤ ሰው አይመስልም።

«ድምፅሽ ስላልተንቀጠቀጠ ያን ያህል አልመሰለኝም» አለ። «ስደቢኝ። ምቺኝ። ብቻ ዝም አትበዪኝ።»

«እኔም ብሆን ለሚጮኸው ነበር የምልከው» አለች።

«ታዲያ ይቅር ትዪኛለሽ?»

«ይቅር ካልኩህማ ቆየሁ።» ቀለበቱን ከጣቷ አውልቃ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። «ግን ባወራህ ቁጥር ‹ትንሽ ታገሺኝ› ስትለኝ ነው የሚሰማኝ። እንዴት አድርጌ ካንተ ጋር ምሳ እበላለሁ? እንዴት እተኛለሁ?»

ያኔ ነው ድምፅዋ የተሰነጠቀው። እጁን ዘረጋ፤ ሳይነካት መለሰው።

አሁን እሱ ጠዋት ይሠራል፣ እሷ ከሰዓት። ቀስ ብሎ የሚያወራ ሰው ሲደውል ሁለቱም ሁለቴ ይጠይቃሉ፤ ይህን ማንም አላዘዛቸውም። በር ላይ ሲተላለፉ እሱ አንገቱን ይደፋል፣ እሷ «ደህና ዋልክ?» ትላለች።

ከዛ እሱ የተነሳበት ወንበር ላይ ትቀመጥና ማዳመጫውን ታጠልቃለች። የጆሮው ሙቀት ገና አልወጣለትም። እስኪበርድ ድረስ ዓይኗን ጨፍና ትቆያለች፤ አንዳንዴ ስልኩ ይቀድማታል።