«የለም» ያሉበት ቀን

ወይዘሮ ባየች ባላቸውን ገና በወጣትነታቸው ቀብረው፣ ጭሮ ገበያ ውስጥ ጨርቅ እየሸጡ ያሳደጉት አንድ ልጅ ነበራቸው፤ እስክንድር። ያ ልጅ መቻራ ላይ ሒሳብ ሊያስተምር በተመደበ በሁለተኛው ዓመት፣ ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማ ጀመር። ምግቤ ውስጥ መርዝ አለ እያለ ጦሙን ይውላል። አንድ ቀን በተማሪዎቹ ፊት ጠመኔውን ጥሎ፣ ጆሮውን በሁለት እጁ ደፍኖ እያለቀሰ ከክፍል ወጣ። አቤት የእናት አንጀት! ስንት ጠበል ተመላለሱ! ስንት ስለት ተሳሉ! ሐኪም ቤት የተሰጠው የመጀመሪያው መድኃኒት አንገቱን ገትሮ ያዘው፤ ሁለተኛው እጁን አንቀጠቀጠው እንጂ ድምፁን ዝም አላሰኘለትም።

በመጨረሻ ክሎዛፒን የሚባል እንክብል ታዘዘለት። የጭሮ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ነርስ ሲስተር ሰልዋ እናትና ልጅን አስቀምጣ፣ «እማማ ባየች፣ ይህ መድኃኒት ሌላው ያቃተውን ያሽላል፤ ኢንሻአላህ ለእስክንድርም ይሆነዋል» አለቻቸው። «ግን አደራ! አንዳንድ ሰው ላይ በሽታ የሚከላከለውን ነጭ የደም ሴል ይጨርሳል። የደም ምርመራው እንዳይታለፍ። ትኩሳት ወይም የጉሮሮ ሕመም ከጀመረው ጉንፋን ነው ብላችሁ እንዳታስተኙት፤ በዚያው ቀን ይታይ። የትም ብትሄዱ ምን እንደሚወስድ ተናገሩ።»

እንክብሉ እውነትም ሰው አደረገው! እንቅልፍ አበዛበት፣ አወፈረው፣ ሌሊት በምራቁ ትራሱን ያርስ ነበር... ድምፆቹ ግን ጠፉ። እስክንድር ሳቀ፤ ሲበላም «እማዬ፣ ጨምሪልኝ» አለ። ወደ ገለምሶ ተዛውሮ ሥራውን ጀመረ። እዚያም መክሊት ከምትባል የአማርኛ መምህርት ጋር ተዋደዱ፤ ሽማግሌ ተላከ፣ የሰርግ ቀን ተቆረጠ።

ደስታው ግን ወይዘሮ ባየችን ፈሪ አደረጋቸው። «አእምሮውን ታሞ ነበር» የሚል ወሬ ሙሽራዋ ቤት ቢደርስ ሴት ልጁን ማን ይሰጠዋል? «ሆስፒታል ስትገባ ዘመዶቿ ቢያዩህስ?» እያሉ የሁለት ወር የደም ምርመራ አሳለፉት። እንክብሉን ራሳቸው ገዝተው ይልኩለት ነበር።

ሰርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው እስክንድርን ትኩሳት ጣለው። ጉሮሮው ቆስሎ ውኃ መዋጥ አቃተው። እናቱ በሚኒባስ በርረው ገለምሶ ሲደርሱ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ተኝቷል፤ መክሊትና አባቷ ራስጌው ቆመዋል። የክሊኒኩ ባለሙያ ካርዱን እየጻፈ፣ «የሚወስደው ሌላ መድኃኒት አለ?» ብሎ ጠየቀ።

እስክንድር በደከመ ዓይኑ እናቱን ፈለገ። «እማዬ... ሲስተር ሰልዋ ያለችው...»

«ዝም በል ልጄ፤ ትኩሳቱ ነው የሚያስለፈልፍህ!» አሉና ወደ ባለሙያው ዞረው፣ «የለም» አሉ።

የለም! ምነው ያን ጊዜ ምላሳቸው በተሳሰረ! ባለሙያውም የሰማውን ይዞ የቶንሲል መድኃኒት ሰጣቸው። በሦስተኛው ቀን እስክንድር ይንዘፈዘፍ፣ ራሱን ይስት ጀመር። ጭሮ ሲያደርሱት ደሙ ተመረመረ፤ ነጭ የደም ሴሉ ከማለቁ የተነሣ ሰውነቱ መከላከያ አልነበረውም።

«ትኩሳቱ መቼ ጀመረው?» አለች ሲስተር ሰልዋ።

«አራት... አራት ቀኑ።»

ሰልዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ፤ ግን ዘግይቶ ነበር። እስክንድር ሊነጋጋ ሲል የእናቱን እጅ ይዞ፣ «አልተቀየምኩሽም፣ እማዬ» አለ። ከዚያ ወዲያ አልተናገረም። ለሰርግ የተከራዩት ድንኳን ለለቅሶ ተተከለ...

በሠልስቱ መክሊት ጥቁር ለብሳ መጥታ ከወይዘሮ ባየች ጉልበት ሥር ወደቀች።

«እማማ፣ እኔ እኮ አውቅ ነበር! ሽማግሌ ሳይላክ ራሱ ነግሮኛል። አባቴም ያውቃል። እናቴ ታፍራለች፣ እንዳወቅሽ አታሳያት ስላለኝ ነው... ክሊኒክ ውስጥ የለም ሲሉ እርስዎን ላለማሳፈር ዝም አልኩ። መድኃኒቱ ከትኩሳት ጋር እንዲህ አደገኛ መሆኑን ግን አላወቅሁም። ባውቅማ እጮኽ ነበር!»

ወይዘሮ ባየች ደረታቸውን ደቁ። ለካ የሚደብቁት ከሚያውቅ ሰው ኖሯል! ለካ ልጃቸውን ያሳጣቸው ማንም ያልጠየቃቸው ምስጢር ኖሯል! ተነሥተው በለቀስተኛው ሁሉ ፊት፣ ጎረቤትም ዘመድም እየሰማ፣ «ልጄ የአእምሮ ሕመም ነበረበት፤ መድኃኒት አግኝቶ ድኖ ነበር፤ ምን ይወስዳል ሲሉኝ ግን ካድኩ» ብለው ተናገሩ። መክሊት ደግፋ ይዛቸው ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም እንደ እናቷ ሆነው ቀሩ።

ዛሬ በቀጠሮ ቀን ሲስተር ሰልዋ ክፍል ደጃፍ ተቀምጠው፣ ልጆቻቸውን የሚያስታምሙ እናቶችን «አትደብቁ፣ ምርመራውን አታሳልፉ» እያሉ ይማጸናሉ። ሊያጽናኗቸው «ዕድሉ ነው፣ እማማ፤ ከጻፈው ማን ያመልጣል?» የሚሏቸው አሉ። የሰው ልጅ ጥፋቱ ሲከብደው በዕጣ ፈንታ ላይ አይደል የሚጭነው? ወይዘሮ ባየች ግን በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን ጠርገው፣ «ዕድሉማ ተመልሶለት ነበር...» ይላሉ።